የተዳፈነ ፍም፦ የሳንባ ነቀርሳ እንዴት ይተላለፋል? በምንስ ይታወቃል?



ዜማ ቤት ሳለሁ ሰባት ሆነን በምናድርባት ጎጆ ውስጥ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረን። በዕድሜም በትምህርትም ይቀድመን ስለ ነበር ማታ ማታ የቃል ትምህርት የሚያስቀጽለን እርሱ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳል ጀመረው። ጢሱ ነው አልን። ጥቅምት ሲገባ ብርዱ ነው አልን። ኅዳር ላይ ሌሊት ሌሊት ልብሱ በላብ ርሶ ይነሣ ጀመር። ቁራሽ ለምነን ስንመለስ ድርሻውን ለታናናሾቹ ያካፍል ስለ ነበር፣ የምግብ ፍላጎቱ መጥፋቱን እንደ ደግነት ቈጠርንለት። ታኅሣሥ ላይ ጠበል ተጠምቆ ጥቂት ቀለል ብሎት ተመለሰ። ጥር ከገባ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ከሳሉ ጋር ደም ሲተፋ አየነው። የኔታ በዚያው ዕለት ሁለት ተማሪዎች አስከትለው የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስኬደው ጤና ጣቢያ ላኩት።

ሕመሙ የሳንባ ነቀርሳ ወይም በተለመደው አጠራር ቲቢ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከጎጆአችን የአንዱ ታናሽ ልጅ አንገት በንፍፊት አበጠ፤ ሲመረመርም ያው ሕመም ሆኖ ተገኘ። ታላቁ ወንድማችን ሳል ከጀመረው ቀን እስከ ተመረመረበት ቀን አምስት ወር ያህል አልፎ ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ሕመሙ የሚያውቅ አንድ ሰው በመካከላችን ቢኖር ኖሮ ታናሹ ልጅ ላይታመም ይችል ነበር። ጸሐፊው ሐኪም አይደለሁም። ያን ጊዜ የሚነግረን ያጣነውን ነገር በአብነት ትምህርት ቤት፣ በገዳማትና በጠበል ቦታዎች ላሉ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች ለማካፈል ያህል ነው የጻፍሁት።

የሕመሙ መነሻ

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል በሕዝባችን አነጋገር ለካንሰርም ይነገራል። በዚህ ምክንያት «ነቀርሳ ነው» የተባለ ሰው የማይድን ሕመም እንደ ያዘው ቈጥሮ ተስፋ ሲቈርጥ ይታያል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቲቢ በዓይን በማትታይ ባክቴሪያ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በመድኃኒትም የሚድን ሕመም ነው። ባክቴሪያዋን ለይቶ ያገኛት ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ሲሆን፣ ግኝቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ በፊት ሕመሙ በዘር የሚወረስ የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ በአንድ ቤት ውስጥ አባትም ልጅም የልጅ ልጅም ሲታመሙ ሲያዩ እንዲህ ማሰባቸው አያስደንቅም። ልጆቹ ግን የወረሱት ደሙን አይደለም፤ አብረው ሲተነፍሱት የነበረውን አየር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህሉ ሞተዋል። ሀገራችን ኢትዮጵያ ሕመሙ ከሚበዛባቸው 30 ሀገሮች አንዷ ናት።

በአየር ስለ መተላለፉ

ሳንባው ወይም ጉሮሮው በቲቢ የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲያዜም ከአፉ ጥቃቅን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትላልቆቹ ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ውኃቸው ተንኖ ከሚሊሜትር ሺሕ እጅ ጥቂት እጅ ብቻ የሚያህሉ ይሆናሉ። እነዚህ አይወድቁም፤ ነፋስ በሌለበት ክፍል ለብዙ ሰዓት አየሩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሌላው ሰው ሲተነፍስ ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል የሚገቡትም እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ የታመመው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላም አየሩ ካልተለወጠ ሕመሙን ሊያስተላልፍ ይችላል ማለት ነው።

የአብነት ተማሪን ጎጆ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መስኮት የላትም። ማታ ብርዱንም ጅቡንም ፈርተን በሩን እንዘጋለን። ራስ ከራስ ተጋጥመን እንተኛለን። ከመተኛታችን በፊት ደግሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቀጸል አለ፤ ዜማ ደግሞ ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ ጠብታ ያወጣል። በአውቶቡስ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አብሮ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ በየሌሊቱ ለወራት አብሮ የሚያድር ሰው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይታከም የሚቈይ አንድ የሳንባ ቲቢ ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ለሚደርሱ የቅርብ ሰዎቹ ባክቴሪያውን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይገመታል።

በአንጻሩ ቲቢ በመጨባበጥ፣ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ ልብስ በመዋዋስ ወይም መስቀል በመሳለም አይተላለፍም። ይህን በአጽንዖት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየቤቱ የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የታመመውን ሰው ኩባያውንና ሳሕኑን ለይተን እናሳዝነዋለን፤ መስኮቱን ግን «ብርድ እንዳይመታው» ብለን እንደ ዘጋነው እናድራለን። ኩባያው ማንንም አይጎዳም፤ የተዘጋው መስኮት ግን ይጎዳል። የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያዋን ይገድላታል፤ ነፋስም ጠብታዎቹን ይበትናቸዋል። ሁለቱም ያለ ገንዘብ የተሰጡን ናቸው።

ከብትም በዚህች ባክቴሪያ ዘመድ ይታመማል፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ከታመመች ላም ሊያዝ ስለሚችል ወተትን አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

ባክቴሪያዋን የተነፈሰ ሁሉ አይታመምም። ወደ ሳንባ ጫፍ፣ ወደ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ስትደርስ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ይውጧታል። ሌሎቹን ተሕዋስያን እንዲህ ውጠው ያጠፏቸዋል። ይህች ግን እንደ ሰም ያለ ወፍራም ሽፋን ስላላት በዋጣት ሕዋስ ውስጥም መኖር ትችላለች። ሰውነታችን ሊያጠፋት ያልቻላትን ባክቴሪያ ዙሪያዋን ከብቦ ያጥራታል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በዓመድ አዳፍነው እንደሚያድሩት ማለት ነው፤ ከላይ ሲያዩት ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ከሥር ግን እሳቱ አለ።

ባክቴሪያዋ እንዲህ ተዳፍና ያለችበት ሰው ሕመምተኛ አይደለም። አያስልም፣ አይከሳም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ከዓለም ሕዝብ ሩቡ ያህል በዚህ ዓይነት ባክቴሪያዋን ይዞ እንደሚኖር ይገመታል። ከእነዚህ መካከል ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ። ከጎጆአችን ሰባት ልጆች እኔ አልታመምሁም። ሳይነካኝ ቀርቶ ይሁን ወይም ነክቶኝ ተዳፍኖ ይሁን ግን አላውቅም።

ዓመዱን የሚገልጠው የሰውነት መዳከም ነው። ዋነኛው ኤች አይ ቪ ነው፤ ቫይረሱ ያለበትና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ ነው። የምግብ እጥረት፣ የስኳር ሕመም፣ ሲጋራና አልኮል፣ ዕድሜ መግፋትም እንዲሁ። ሕፃናት ደግሞ አጥሩን በቅጡ ሳይሠሩት ሊታመሙ ይችላሉ። ቁራሽ ለምኖ፣ ያገኘውን በልቶ፣ ያላገኘ ቀን ጾሙን አድሮ የሚማር ልጅ በምን ረገድ ለሕመሙ የተጋለጠ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስተውለዋል።

ፍሙ ሲገለጥ በባክቴሪያዋ የተያዘው የሳንባ ክፍል ይሞታል፤ ሐኪሞች ሲከፍቱት እንደ አይብ ያለ ነገር ሆኖ ያገኙታል። ይህ ቀልጦ በአየር ቧንቧ ሲወጣ በስፍራው ጉድጓድ ይቀራል። አየር እንደ ልብ በሚገባበት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ይራባሉ። ሳሉና አክታው የሚበረታው፣ ሕመምተኛውም ወደ ሌሎች የሚያስተላልፈው ያን ጊዜ ነው። ጉድጓዱ የደም ሥር ላይ ሲደርስ ደም ከአክታው ጋር ይወጣል። ሰውነት ሳያርፍ ስለሚዋጋ ደግሞ ወደ ማታ ትኩሳት ይነሣል፣ ሌሊት ላብ ያጠልቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሰውነት ይከሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝግታ ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ቀን የሚቀርብ ጊዜ ያስፈልጋታል። ወባ በአንድ ሌሊት አልጋ ላይ ይጥላል፤ ቲቢ ግን ለወራት እያስሳለ ሥራችንን እንድንሠራ፣ ማኅሌት እንድንቆም ይተወናል። እኛንም ያታለለን ይኸው ነው።

ባክቴሪያዋ በደምና በዕጢ ፈሳሽ ተጉዛ ከሳንባ ውጭም ትሠራለች። በሀገራችን በቲቢ ከሚታከሙት ሲሦ ገደማ የሚሆኑት ሕመማቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው እንደ ታናሹ ልጅ በአንገት ወይም በብብት ንፍፊት ሆኖ ሲያብጥ ነው፤ እብጠቱ ብዙም ስለማያምም ሰዎች ቸል ይሉታል፣ ኋላም ፈንድቶ ይመግላል። አከርካሪን ሲይዝ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጐብጣል፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የአንጎልን ሽፋን ሲይዝ በተለይ ለሕፃናት እጅግ አስጊ ነው፤ ልጆች እንደ ተወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በዋናነት የሚጠብቃቸውም ከእንዲህ ካለው ከባድ ዓይነት ነው። ከሳንባ ውጭ ያለው ቲቢ በአብዛኛው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

በምን ይታወቃል?

መመዘኛው ቀላል ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል ያለበት ሰው ይመርመር። ደም እስኪተፋ፣ እስኪከሳ አይጠበቅም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንትም መጠበቅ የለበትም፤ ሳል እንደ ጀመረው ይሂድ።

በጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ምርመራ የአክታ ነው። ብዙ ሰው በዕቃው ውስጥ ምራቅ ተፍቶ ይመልሳል፤ ምራቅ ግን ምንም አይናገርም። ተገቢው ጠዋት ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ፣ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ በረጅሙ ተንፍሶና ከደረት ጥልቅ ስሎ የወጣውን ወፍራም አክታ መስጠት ነው። ይህንም ከሰው ፈንጠር ብሎ ደጅ፣ አየር ባለበት ቦታ ማድረግ ይገባል።

የቀደመው ዘዴ አክታውን በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ጉድለቱ ባክቴሪያዎቹ እጅግ ካልበዙ አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ መሣሪያው በተገኘበት ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ጂን ኤክስፐርት ለተባለው ምርመራ ነው። ይህ የባክቴሪያዋን ዘረ መል ፈልጎ ያገኛል፤ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥም ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተለማመደች መሆን አለመሆኗን በአንድ ጊዜ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አክታውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት ከሁሉም የታመነ ነው፤ ባክቴሪያዋ ዝግተኛ ስለ ሆነች ግን ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል።

ራጅ በሳንባ ላይ ያለውን ጥላና ጉድጓድ ያሳያል፤ ሌላም ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ ብቻውን አይበቃም። በቈዳ ሥር በመርፌ የሚሰጠው ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያዋ ወደ ሰውነት መግባቷን ይናገራል እንጂ ሰውየው መታመሙን አይለይም፤ የተዳፈነውንና የተገለጠውን ፍም አይለይም ማለት ነው። ለንፍፊት በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል። ሕፃናት አክታ ማውጣት ስለማይችሉ ከሆዳቸው ፈሳሽ ወይም ከሰገራቸው ይመረመራል፤ አብሮ የሚኖር ትልቅ ሰው መታመሙን ለሐኪሙ መንገርም ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። «አክታህ ነጻ ነው» የተባለ ሰው ሳሉና ክሳቱ ከቀጠለ ተመልሶ ይሂድ፤ አንድ ጊዜ መታጣቱ የለም ማለት አይደለም።

አንድ ሰው ሲገኝበት አብረውት የሚያድሩት ሁሉ ሊታዩ ይገባል። ለታመሙት ሕክምና፣ ላልታመሙት ደግሞ እንደ ሁኔታቸው የተዳፈነው ፍም እንዳይነሣ የሚያደርግ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ከእኛ ጎጆ ማንም ሄዶ አልታየም። ታናሹ ልጅ የተገኘው ካበጠ በኋላ ነው።

ጠበልና መድኃኒት

ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። መድኃኒቱ ሽንትን ቀይ ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ ደም አይደለም፣ አያስፈራም። የዓይን መቅላት ወይም ቢጫ መሆን፣ ማስመለስና የዕይታ መደብዘዝ ከታየ ግን በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያው መንገር ያሻል። መድኃኒቱ በሚገባ ከተጀመረ በኋላ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሌሎች የማስተላለፍ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል።

ፈተናው የሚመጣው በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው። ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውነት ይመለሳል። ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ትቶ ወደ ጠበል የሚሄደው፣ ወይም ጠበል ላይ ሳለ «እምነቴ ጎደሎ እንዳይባል» ብሎ የሚያቋርጠው ያን ጊዜ ነው። በሳንባው የቀሩት ግን ለመድኃኒቱ ብርቱዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሲቋረጥ እነርሱ ይራባሉ፤ ሕመሙም ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን የተለማመደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቲቢ ማከም ለዘመናት ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ለወራት መርፌ የሚያስወጋ፣ ጆሮን እስከ ማደንቈር የሚደርስ ጉዳት ያለው ነበር። በቅርብ ዓመታት ለብዙዎች ወደ ስድስት ወር ያጠሩ፣ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ቢሆንም ማንም ተመራጭ አድርጎ የሚገባበት መንገድ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ጠበልን ከመድኃኒት አታጣላም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ያከብራል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስለዚህ በጠበል ቦታ መድኃኒቱን እያሳየ ምክር የሚጠይቅ ሕመምተኛ ሲመጣ «ጣለው» የሚል አጥማቂ የሚናገረው የራሱን ቃል ነው።

የጠበል ቦታ አስተናጋጆች ሊያስቡበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከየአቅጣጫው የመጡ ሕሙማን፣ ብዙዎቹም ሰውነታቸው የደከመ፣ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ተጠጋግተው ያድራሉ። የሚያስሉትን ማባረር አይገባም፤ አየር በሚገባበት ስፍራ እንዲያርፉ፣ ሲያስሉ አፋቸውን በነጠላቸው እንዲሸፍኑ፣ በማግሥቱም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መምራት ይቻላል። በአብነት ትምህርት ቤትም አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ስንት ጊዜ ሆነህ ስታስል?» ብሎ መጠየቅ፣ በጎጆው ግድግዳ ከፍ ብሎ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ መክፈት፣ የማታውን ቃል በበጋ ደጅ መቀጸል፣ በየቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየጊዜው መጋበዝ ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቍርባን ብዙዎች ይጠይቃሉ። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። ለቅዱስ ቍርባን በሚዘጋጁበት ቀን ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ አስቀድሞ ለጤና ባለሙያው መንገር፣ ስለ ጾሙም ለንስሐ አባት ገልጦ ፈቃድ መቀበል ይገባል፤ ለሕሙማን ማዘን የአባቶች ሥርዓት ነውና። ታላቁ ወንድማችን በዐቢይ ጾም የመድኃኒቱን ስድስት ወር ገና ሲጀምር የንስሐ አባቱ በጠዋት እንዲመገብ አዘዙት። እርሱ ግን ከእኛ ፊት መብላቱን አፍሮ ጥቂት ቀን ከጎጆው ኋላ ተደብቆ ይበላ ነበር፤ የኔታ ይህን ሲሰሙ ምሳውን በየቀኑ ከእርሳቸው ዘንድ እየመጣ እንዲበላ አደረጉት።